ለሰሌን መልስ አልሰጥም

ጋሽ ጎሳዬ ስልክ ሲደውሉ ሰላምታ አያበዙም፤ ያን ቀን ግን ጭራሹኑ ትተውት «ሙና፣ ያ ሰሌንሽ ያያል አይደል?» ብለው ጀመሩ።

ሙና ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር፣ እናቷ ቤት ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብላ ቀጭን የመዳብ ክር ከዘንባባ ጋር እየጎነጎነች ነበር። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል አጣብቃ «አያይም ጋሽ ጎሳዬ፤ ሲነኩት ነው የሚያውቀው» አለች።

«ያው ነው። ክምሬ እየጎደለ ነው።»

ከዚያ ዝም አሉ። ዝምታቸው ውስጥ የአንድ ሰው ስም ነበረ፤ ሙናም በደንብ ሰማችው። የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው አንዲት ሴት ጋ ብቻ ነው።

እንግዲህ ስለዚህ ሰሌን ትንሽ እንበል፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባም። ሙና የዲዛይን ተመራማሪ ናት። ሥራዋ ምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቃት «ሰው ከኮምፒውተር ጋር በስልክና በስክሪን ብቻ ሳይሆን፣ ቤቱ ባለው ዕቃ፣ በለመደው ነገር እንዲግባባ ነው የምፈልገው» ትላለች። ጠያቂውም «ጎበዝ!» ይልና ወሬ ይቀይራል። እናቷ ወይዘሮ ዙቤይዳ ደግሞ ለጎረቤት በአጭሩ «ልጄ ሰሌን ትሠራለች» ነው የሚሉት። ይህን ሁሉ ዓመት ተምራ ሰሌን! ጎረቤት አፉን በሻሹ ሸፍኖ ይስቃል።

ሰሌኑ ግን ተራ ሰሌን አልነበረም። ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና፣ መጋዘን ውስጥ ሲከመር ከሥሩ ላብ ያመጣና ይሻግታል፤ ከላይ ሲያዩት ግን ምንም አይመስልም። የሙና ሰሌን በውስጡ በተጎነጎነው ክር የክምሩን እርጥበት ከሥር ይከታተላል። ዙሪያውን ደግሞ ሰፊ ባዶ ጠርዝ አለው። ሠራተኛዋ መዳፏን ጠርዙ ላይ ስታሳርፍ ከጎኗ የተሰፋች ትንሽ መብራት ትበራለች። አረንጓዴ ከሆነች ቡናው ደህና ነው፤ ቀይ ከሆነች ይገላበጥ። የሚነበብ ነገር የለው፣ የሚያስቸግር ነገር የለው።

ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ የቡና ከተማ፣ በጋሽ ጎሳዬ መጋዘን ወለል ላይ ያነጠፈችው ቀን፣ ሙና የመጋዘኑን ጠባቂ አዴ ሳሊሀን አስቀምጣ አስረዳቻቸው። አዴ ሳሊሀ የመጋዘኑን ቁልፍ በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው የሚይዙ፣ ሲሄዱም ሲቀመጡም ቀጥ ያሉ፣ ነገር የማያበዙ ሴት ናቸው።

«ጫማ እንዳይወጣበት፣ አዴ» አለች ሙና። «አቧራም እንዳይነካው። ከመጋዘኑ ሁሉ ንጹሁ ቦታ ይሄ ይሁንልኝ፣ ማሎ።»

«ኤዬ፣ ንጹህ ይሆናል» አሉ አዴ ሳሊሀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠርዙን ጠዋትና ማታ በደረቅ ጨርቅ ይወለውሉት ነበር።

ሙና ያልነገረቻቸው አንድ ነገር አለ። ጠርዙ ላይ ያረፈ ነገር ሁሉ፣ ቦታውና ክብደቱ ከነሰዓቱ፣ በኔትወርክ ጅማ ድረስ እሷ ላፕቶፕ ላይ ይገባል። ልትደብቅ ብላ አይደለም። ማስረዳቱ ረጅም መሰላት፤ ሚኒባሱም ሊሞላ ነበር። ብቻ አልነገረቻቸውም።

ጋሽ ጎሳዬ በበኩላቸው የገዛ ጥላቸውን የማያምኑ ሰው ናቸው። መጠርጠር የጀመሩት ደግሞ በሙና በራሷ ስልክ ነው። በታኅሣሥ አንድ ቀን ሰሌኑ ከሰሜኑ ግድግዳ በኩል፣ ከክምሩ አጠገብ፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ እርጥበት ጠቆማት። ሙና ደውላ «ጣሪያው ሳያፈስ አይቀርም፣ ክምሩን ወደ ማዶኛው ግድግዳ ያዙሩት» አለች። ክምሩ በዚያው ሰፊ ሰሌን ላይ ዞረ። ጋሽ ጎሳዬ ጣሪያ ላይ ሰው አውጥተው አስፈተሹ፤ አንድ ቀዳዳ አልተገኘም። «በበጋ ምን ውኃ መጣ?» አሉ። «እዚህ ቤት የሆነ ነገር አለ።» ከዚያ ወዲህ ክምሩን በዓይናቸው ሲመዝኑ ዝቅ ዝቅ እያለባቸው ሄደ።

ሙና ስልኩን ዘግታ ላፕቶፑን ከፈተች። እስከዚያን ቀን የምታየው የክምሩን እርጥበት ብቻ ነበር፤ ጠርዙን ከፍታው አታውቅም። አሁን ከፈተችው።

በየቀኑ፣ ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ፣ አንድ ሰው ጠርዙ ላይ ይንበረከካል። ሁለት መዳፎች፤ ከኋላቸው ሁለት ጉልበቶች፤ ከዚያም ኋላ የእግር ጣቶች። ከመዳፎቹ መሃል፣ ትንሽ ወደ ፊት፣ አንድ ክብ ነገር ያርፋል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ያርፋል። ሁሉም ወደ ክምሩ ነው።

«ተንበርክኮ በሁለት እጁ ይዝቃል» አለች ሙና ለራሷ። «ክቡስ? ጆንያው ነዋ! ያስቀምጣል፣ ይሞላል፣ ያነሳል።» እያለፈች እያለፈች እርጥበቱ እስከታየበት ቀን ድረስ አየች። ያን ቀን ክቡ ነገር እንዳረፈ በጣም ቆይቷል። «ያን ቀን ደግሞ ጆንያው ትልቅ ነበር» አለች።

እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏታል። ሌባ ስለተገኘ አይደለም፤ ሰሌኑ ስለሠራ ነው። ይህን ያህል አጥርቶ ይለያል ብላ አልጠበቀችም። ደስታው ዓይኗን ጋረደውና ቀሪዎቹን ቀናት ሳታይ ላፕቶፑን ዘጋችው።

በማግስቱ መጋዘኑ ስትደርስ ጋሽ ጎሳዬ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። ያየችውን ነገረቻቸው። «ከፊቱ የሚያስቀምጠው ነገር አለ» አለች፤ «ጆንያ ይመስለኛል።» «ይመስለኛል» ያለችውን ጋሽ ጎሳዬ አልሰሙትም።

አዴ ሳሊሀ ውስጥ ቡናውን በአካፋ እያገላበጡ ነበር።

«ሳሊሀ» አሉ ጋሽ ጎሳዬ፤ «ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ አንቺ ሰሌኑ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

አካፋው ቆመ። «ማን ነው ያየኝ?»

«ትንበረከኪያለሽ ወይስ አትንበረከኪም?»

«ማን ነው ያየኝ?»

ጋሽ ጎሳዬ በአገጫቸው ወደ ወለሉ አመለከቱ። «ሰሌኑ።»

አዴ ሳሊሀ ሰሌኑን አዩት። ከዚያ ቀና ብለው ሙናን አዩ። ሙና ቁጣ ነበር የጠበቀችው። ያየችው ግን ሌላ ነው፤ ልብስ ሲቀይር ሰው በሩን በርግዶ የገባበት ሰው ፊት።

«ቡናውን አልነካሁም» አሉ።

«ታዲያ እጅሽ እዚያ ምን...»

«ቡናውን አልነካሁም። ከዚህ ሌላ ወላሂ ለሰሌን መልስ አልሰጥም።»

የሻሻቸውን ጫፍ ፈትተው ቁልፉን አወጡ። ለጋሽ ጎሳዬ እጅ አልሰጡትም፤ ጎንበስ ብለው ጠርዙ ላይ አስቀመጡትና ወጡ። ከቁልፉ ጎን ያለችው መብራት አረንጓዴ በራች።

በቡና ከተማ የመጋዘን ጠባቂ ያላት ስሟ ነው። አንዴ «የእጅ አመል አለባት» ከተባለች ቁልፍ ይቅርና ወንፊት የሚያውሳት አይገኝም። ወሬው ከሚኒባሱ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። ጋሽ ጎሳዬም ነገሩን ለሽማግሌ ሰጡ፤ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሀጂ ቲጃኒ ግቢ ይታያል፣ አላመነችም ከተባለ ቁርኣን ይዛ ትማላለች። ሙናም ላፕቶፗን ይዛ እንድትቀርብ ተነገራት።

ወደ ጅማ ስትመለስ ጥርጣሬው እንደ ጉንፋን ተጋብቶባት ነበር። ከጎኗ የተቀመጠው ሰውዬ ቦርሳዋን አየት ሲያደርግ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች። ረዳቱ ሲስቅ በእሷ የሳቀ መሰላት። አዴ ሳሊሀንም ጠረጠረች፦ ንጹህ ሰው ከሆኑ ለምን አይናገሩም? ጋሽ ጎሳዬንም ጠረጠረች፦ ሴትዮዋን ለማባረር ሰበብ ፈልገው ቢሆንስ? መንገዱን ሙሉ ሁሉንም ተጠራጥራ ጨረሰች፤ ያልጠረጠረችው ራሷን ብቻ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አዲሱን ሰሌን ሳሎን ውስጥ አነጠፈችና ላፕቶፑን ከፍታ ክሮቹን መፈተሽ ጀመረች። የዓስር አዛን ተሰማ። ወይዘሮ ዙቤይዳ ውዱእ አድርገው፣ ክንዳቸው እየተንጠባጠበ ገቡ።

«ይሄ ነገር ንጹህ ነው?»

«ንጹህ ነው እማ፤ ገና ጫማ አልነካውም» አለች ሙና፣ ቀና ሳትል።

እናቷ ሰሌኑ ላይ ቆሙ። «አሏሁ አክበር።»

ሙና መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነው፤ ፍተሻዋ ተበላሸ። ስክሪኑ ላይ ሁለት እግሮች በሩ። ቀጥሎ ሁለት ጉልበቶች ዝቅ አሉ፤ ሁለት መዳፎች አረፉ። ከመዳፎቹ መሃል፣ ትንሽ ወደ ፊት፣ አንድ ክብ ነገር አረፈ፤ ተነሳ፤ ደግሞ አረፈ።

ሙና ስክሪኑን አየች። እናቷን አየች። ግንባራቸው መሬት ነክቷል።

«ያ ረቢ» አለች።

በሱጁድ ጊዜ ሰባት አካል መሬት ይነካል ብለው ያስተማሯት ኡስታዝ ጅራፋቸው ሳይቀር ትዝ አሏት። ፊደል ሳትቆጥር በፊት ከእናቷ ጎን ቆማ ያጠናችው ነገር ነው። ከሄርማታ ልጅ ይህ ይሰወራል? ጋሽ ጎሳዬ «ሌባ» ብለው ስለነገሯት ሌባ ፈለገች፤ ግንባር ያረፈበትን ቦታ ጆንያ አለችው። ደግሞስ «ከመጋዘኑ ሁሉ ንጹሁ ቦታ ይሄ ይሁንልኝ» ያለችው ማን ሆነና! አቧራ በሞላው ቤት ውስጥ በራሷ አፍ መስገጃ አነጠፈችላቸው።

ያላየቻቸውን ቀሪ ቀናት ከፈተች። ክምሩ ወደ ማዶኛው ግድግዳ ከዞረ በኋላም መዳፎቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ፊታቸው ወደ ባዶው ግድግዳ ነው፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቂብላ። ከባዶ ግድግዳ ምን ይሰረቃል? የክምሩን እርጥበትም አየች፤ ከቀን ወደ ቀን ወርዷል። አዴ ሳሊሀ መብራቷን እየጠየቁ በየጊዜው ስላገላበጡት፣ እስከ ሥሩ ደርቆ ተሰብስቧል። የጎደለው ላቡ ነው።

እናቷ ሰላምታ መልሰው ጨረሱ። የሙናን ፊት አይተው «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አሉ። ከዚያ ከጉልበታቸው ጎን የምትበራዋን መብራት አዩ፤ እጃቸውን ከሰሌኑ ቶሎ አነሱ። «ይሄ ነገር ያያል እንዴ፣ ሙና?»

ሙና ላፕቶፑን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ዓርብ ሀጂ ቲጃኒ ግቢ፣ አቮካዶው ጥላ ሥር ሽማግሌዎቹ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ጋሽ ጎሳዬ ቆመው ይንቆራጠጣሉ። አዴ ሳሊሀ ለብቻቸው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ከሙና ላፕቶፕ አይነቀልም።

ሙና ስትመጣ ቆርጣ ነው፤ ከፍታ ታሳያለች፣ ነገሩም በአንድ አፍታ ያልቃል። ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ልትከፍት ስትል ግን የአዴ ሳሊሀን ዓይን አየች። ስማቸውን ለማንጻት ሱጁዳቸውን ለዚህ ሁሉ ወንድ፣ እሳቸው ቁጭ ብለው እያዩ፣ ዘርግታ ልታሳይ ነው። መጀመሪያ ሳያውቁ ሰረቀቻቸው፤ አሁን ደግሞ በአደባባይ ልትገልጣቸው። እጇን ክዳኑ ላይ ጭና ተወችው።

«ክምሩ የጎደለው ስለደረቀ ነው» አለች። «ድሮ ከሥሩ እርጥብ እንደሆነ ነበር የሚቀመጠው። ጋሽ ጎሳዬ፣ ከሥር አንድ እፍኝ ይዝገኑና ጆሮዎ ላይ ይነቅንቁት።»

ጋሽ ጎሳዬ ይህንን ያደረጉት ያን ዕለት ጠዋት ነበር። ደረቅ ጀንፈል ሲነቀንቁት ፍሬው ውስጡ ይንኳኳል፤ ተንኳኩቷል። አልተናገሩም እንጂ። «እሺ፣ እሱስ ይሁን» አሉ። «እጁስ? ጉልበቱስ? ጆንያውስ?»

«ጆንያ አልነበረም። ጆንያ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ነበር? ክፈቺና አሳዪን!»

«አላሳይም።»

አግዳሚው ላይ ጉምጉምታ ተነሳ። ጋሽ ጎሳዬ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «አያችሁ አይደል? ተመሳጥረዋል! ትናንት አየሁ ያለችኝ ልጅ ዛሬ አላሳይም ትላለች። ምን ሰጠቻት?»

ሀጂ ቲጃኒ ሙስበሓቸውን እየቆጠሩ ነበር። «ጎሳዬ» አሉ በቀስታ፤ «ስንት ሰዓት ላይ ነው ያልከው?»

«በየቀኑ! ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ልክ አዛኑ እንዳለ...»

እዚያ ላይ ቆሙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከመስጊድ ፊት ለፊት የነገዱ ሰው ናቸው፤ ምሳቸውን የሚበሉት አዛን ሰምተው ነው። አፋቸው እንደተከፈተ አዴ ሳሊሀን አዩ፣ ሙናን አዩ፣ መሬቱን አዩ።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ ሳሊሀ?» አሉ በመጨረሻ።

«መች ጠየቁኝ?» አሉ አዴ ሳሊሀ። «እርስዎ የጠየቁት ሰሌኑን ነው።»

ጋሽ ጎሳዬ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው አቀረቡ። «ይቅር በይኝ።» አዴ ሳሊሀ ተቀበሉ፤ በሻሻቸው ጫፍም ቋጠሩት። ሀጂ ቲጃኒ ዱዓ አደረጉ፤ ሰውም ተነሳ።

ሙና እፎይ ብላ ወደ በሩ ስታመራ አዴ ሳሊሀ ከኋላዋ ደረሱባት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እዚያ ሳጥን ውስጥ አለሁ?»

«አሉ፣ አዴ።»

«ሱጁዴም?»

«አዎ።» ሙና መሬቱን አየች። «አውፍ ይበሉኝ። መንገር ነበረብኝ።»

አዴ ሳሊሀ ይቅርታውን አልተቀበሉም፣ አልመለሱም። «የዩምናን ነገር ሰምተሻል?» አሉ። ዩምና አረብ አገር ያለች ልጃቸው ናት። «መደወል ካቆመች ሰነበተች። አንድ ቀን እዚያ የላካት ሰውዬ ስልክም ተዘጋ። እቤት ታናናሾቿ አሉ፤ ውጭ ሰው አለ። የት ላልቅስ? በሩን ዘግቼ እዚያ ተደፋሁ። ከሱጁድ መነሳት አቃተኝ።» የሻሻቸውን ቋጠሮ ጠበቅ አደረጉ። «አንቺ ጣሪያው ያፈሳል ብለሽ የደወልሽው ያን ቀን ነው። ጣሪያው አላፈሰሰም።»

ሙና «ያን ቀን ደግሞ ጆንያው ትልቅ ነበር» ያለችው ትዝ አላት። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

በሳምንቱ መቀስ ይዛ መጋዘኑ ሄደች። አዴ ሳሊሀ ቆመው እያዩ፣ በጠርዙ ውስጥ የተጎነጎነውን ክር ከዳር እስከ ዳር በጣጥሳ አወጣችው። መብራቶቹንም ነቀለች። ላፕቶፑን ከፍታ የጠርዙን ታሪክ ሁሉ እፊታቸው አጠፋች። «ከእንግዲህ የሚያውቀው የቡናውን እርጥበት ብቻ ነው» አለች። «ጠርዙ ተራ ሰሌን ነው፣ አዴ። ወላሂ።»

«ጀዛከላህ» አሉ አዴ ሳሊሀ። ጎንበስ ብለው ጠርዙን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ምንም አልበራም። ሙና ልቧ ትንሽ ተመለሰ።

የዙህር አዛን ተባለ። ሠራተኛው ለምሳ ወጣ። አዴ ሳሊሀ ከበርሜሉ ውኃ ቀድተው ውዱእ አደረጉና ተመልሰው ገቡ። ንጹሁን ጠርዝ ተሻግረው ከበሩ ጀርባ አንድ አሮጌ ጆንያ አነሱ። ሁለት ጊዜ አራገፉት፤ ከዚያ ክንዳቸው ሥር ይዘውት ከመጋዘኑ ጀርባ ወዳለው አቧራ ወጡ።